ያደረ መድኃኒት

ስለ አያ ጓዴ ክፉ የሚያወራ ሰው ሞጣ ውስጥ ዛሬም አይጠፋም። እኔ ባለሁበት ግን አያወራም፤ ጠባዬን ያውቃላ። አንዴ አንዲት ሴትዮ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ «የልጅ ልጆቹን የጨረሰ ሽማግሌ» ስትል ሰማሁና ቦታውን ረስቼ አፌ ያመጣውን ሁሉ ተናገርኋት። ኋላ ሰው መሀል ገብቶ ይቅር ተባባልን። ያን ቀን ያልተናገርሁት አንድ ነገር ግን አለ። እሱን ዛሬ እናገራለሁ፤ ጆሮ ያለው ይስማ።

አምሳለች እባላለሁ። በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ሦስት ሳምንት ሥልጠና ወስጄ፣ የፈንጣጣ ከታቢ ተባልሁ። ካኪ ኮት ሰጡኝ፤ እጅጌው እስከ ጣቴ ጫፍ ይደርስ ነበር። ሾፌራችን ሣህለ ማርያም የሐረር ሰው ነው፤ ቀልደኛ፣ ብርድ የማይችል፣ ጎጃምን ገና ያልለመደ። መኪናችን አሮጌ ላንድሮቨር ነበረች። ሣህለ ማርያም ከኋላዋ በሳንቃ አልጋ ሠራባት፤ ከአልጋው ሥር የመድኃኒቱ ሣጥን፣ ድስት፣ የላምባ ምድጃ፣ የሽሮ ከረጢት ይገባል። በጎኗ ሸራ ተዘርግቶ ወንዶቹ ከዚያ ሥር ያድራሉ። ከኅዳር ጀምሮ በጋውን ሙሉ ቤታችን እሷ ነበረች።

መጀመሪያ ላይ ሰው ፊት ነሳን። መኪናዋ ስትታይ እናቶች ልጆቻቸውን ጎተራ ውስጥ ይደብቃሉ። «ክትባት አናውቅም መሰላችሁ? የራሳችን ከታቢ አለን» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። የአገር ከታቢ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ፈንጣጣው ቀለል ካለለት በሽተኛ ቅርፊቱን ይለቅሙና አድርቀው በቀንድ ያስቀምጡታል። ከዚያ በማር ለውሰው የልጁን ክንድ በምላጭ ጫር አድርገው ይቀቡታል። ልጁ ትንሽ ይታመምና ይድናል፤ ዳግመኛም አይዘውም። አንዳንዱ ግን አይድንም። አንዳንዱ ደግሞ ራሱ ድኖ ጎረቤቱን ያስይዛል። እኛ የመጣነው ይህን ልናስቀር ነው። ስለዚህ አለቃችን አንድ ነገር አሰበ፤ ከእነዚሁ ከታቢዎች አንዱን መንገድ መሪ አድርጋችሁ ውሰዱ አለን። ቢቸና ሄደን ጠየቅን፤ ሁሉም ያመለከተን አያ ጓዴን ነው።

አያ ጓዴ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። ቀጭን፣ ጎንበስ ያሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ከአባታቸው የወረሱትን ሥራ አርባ ዓመት ሠርተውታል። እኔ ስሄድ ግን ካቆሙ ስድስት ዓመት ሆኗቸው፣ የሰው በግ እየጠበቁ ይኖሩ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣

«ልጄ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ፤ አንድ ነገር ማይልኝ ግን» አሉ። «ከመርጡለ ማርያም ቁልቁል፣ የዓባይ በረሃ ውስጥ፣ ይርጋነሽ የምትባል ልጅ አለችኝ። ከወለድኋቸው የቀረችኝ እሷው ናት። የበኩር ልጇን እኔ ከተብሁት፤ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ከዚያ ወዲህ ደጇን ከልክላኛለች። ቀንዱንም ያን ጊዜውኑ ገደል ሰደድሁት። አሁን አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፤ ባንቺዓለም ትባላለች። አምስት ዓመቷ ነው ይላሉ፤ እኔ አይቻት አላውቅም። ፈንጣጣው ደግሞ ከዓባይ ማዶ ተነስቷል ሲሉ ሰማሁ። በእኔ እጅ አይደለም፣ በአንቺ እጅ አድርሽላት።»

ማልሁላቸው።

የሥራው ዝርዝር ግን መጀመሪያ ተራራውን፣ ቀጥሎ በረሃውን ይላል። እኔ አላወጣሁትም። በጮቄ ሥር ያሉትን መንደሮች አንድ በአንድ ስንዞር ኅዳርና ታኅሣሥ አለቁ። ጠዋት ስንነሳ ሸራው ላይ አመዳዩ ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል። ሣህለ ማርያም ሞተሩ እስኪሞቅለት ድረስ ጎጃምን ከነተራራዋ ይረግማል። አያ ጓዴ በመኪና ተቀምጠው ስለማያውቁ በመጀመሪያው ቀን አስመለሳቸው። ከዚያ በኋላ አቀበት በመጣ ቁጥር «አቁማት፣ ልውረድላት፤ ደከማት» እያሉ ወርደው በእግራቸው ይሄዳሉ። «አያ ጓዴ፣ በቅሎ መሰለችዎት?» ይላቸዋል ሣህለ ማርያም። «በቅሎስ ብትሆን መች እንዲህ ትጮህ ነበር» ይሉታል። አቀበቱ ላይ ቀድመውን የሚደርሱበት ጊዜም ነበር።

በእሳቸው ምክንያት በር ተከፈተልን። መንደር ስንገባ ነጠላቸውን ወደኋላ ጥለው ክንዳቸውን ይገልጣሉ፤ በሰው ሁሉ ፊት መጀመሪያ የምወጋው እሳቸውን ነው። መርፌያችን ጫፏ እንደ መንሽ ሁለት ላይ የተሰነጠቀ፣ ትንሽ ናት። አሥራ አምስት ጊዜ ነካ ነካ ነው፤ አለቀ። «የእኔ ሥራ ጊዜው አልፎበታል፤ ይህ ይሻላል» ይሏቸዋል ሰዎቹን። አርባ ዓመት የኖሩበትን ሥራ በየመንደሩ እየዞሩ ማጣጣል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ማታ ማታ ግን የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር። «በረሃው መቼ ነው?» እኔም «ቀርቧል» እላቸዋለሁ። አንዳንዴ ይሰለቸኝና «አያ ጓዴ፣ እባክዎ!» ብዬ እጮህባቸዋለሁ። እሳቸው ይቅርታ ይጠይቁኛል። ይህንንም ሳስበው ያመኛል።

በጥር፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ በደብረ ወርቅ በኩል አድርገን መርጡለ ማርያም ደረስን። ከዚያ ቁልቁል ነው። ያ ሁሉ ብርድ በግማሽ ቀን ውስጥ ጠፍቶ ላባችን ይንጠፈጠፍ ጀመር። ዛፉ እሾህ፣ መሬቱ ድንጋይ፣ አየሩ እንደ እሳት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ባለ አንድ መንደር ያልጠበቅነው ሰው ወጣብን፤ ገበያ ኖሮ የሰባት አገር ሰው ተሰብስቧል። እንከትባለን ያልነው ስልሳ ሰው ነበር፤ ሦስት መቶ ሆነ። ሲመሽ ሣጥኑን ባየው አንድ ብልቃጥ ብቻ ቀርታለች። ደግነቱ የበረሃው መንደር ትንሽ ነው፤ ሰባ ሰው ቢሆን ነው። አንዲቷ ትበቃለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መድኃኒቱ ብልቃጡ ውስጥ ሳለ ደረቅ ዱቄት ነው፤ ብዙ ይቆያል። በውሃ ከተበጠበጠ ግን የዚያው ቀን ነው። ሲመሽ የተረፈው ይደፋል። በሙቀት አገር ደግሞ ፈጽሞ አያድርም። ሥልጠና ላይ ከተማርነው ሁሉ መምህሩ አሥር ጊዜ የደጋገመው ይህን ነበር።

በማግስቱ መኪናዋ እስከምትችለው ወረድን። ከዚያ ወዲያ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። ሣህለ ማርያም መኪናውን ሊጠብቅ ቀረ። አያ ጓዴ ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም፤ ፊታቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን አጥፈው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። እኔም መንደር ደርሼ ንጹሕ ውሃ ከምፈልግ ብዬ፣ እዚያው መኪናዋ ጋ አፍልቼ ባበረድሁት ውሃ የመጨረሻዋን ብልቃጥ በጠበጥሁ። ቀኑ ስንት እንደሆነ አልጠየቅሁም። በተራራው ሁለት ወር ከርሜ ቀን መቁጠር ትቻለሁ። የጎጃም ልጅ ሆኜ ሳልጠይቅ መርፌ ማዘጋጀቴ ጥፋቴ ነው።

ቀኑ ጥር አሥራ ሰባት ነበር። መንደሩ ስንደርስ አንድም ሰው ሥራ ላይ የለም። የመንደሩ ሽማግሌ ገላው የሚባሉት ወጥተው ተቀበሉን። ሰላምታው ሲያልቅ፣

«የኔ ልጅ፣ ዛሬ እስጢፋኖስ ነው» አሉኝ። «በአያቶቻችን ጊዜ አንበጣ አገሩን ሲያጠፋው ተስለን ዳነን። ከዚያ ወዲህ በወር በወሩ በአሥራ ሰባተኛው ቀን እዚህ ምላጭ አይነሣም፣ ደም አይፈስም። ዛሬ እረፉና ነገ በማለዳ ትሠራላችሁ።»

ብልቃጧ በኪሴ ነበረች። ሙቀቷ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ይሰማኝ ነበር።

ይርጋነሽ ነገሩን ሰምታ መጣች። ረጅም ናት፤ አባቷን ትመስላለች። አባቷ ከመንደሩ በታች፣ ከምንጩ ውሃ ማዶ ቆመዋል፤ ሳይፈቀድላቸው አልተሻገሩም። እሷም ዘወር ብላ አላየቻቸውም። ልጅቷን ይዛ ከፊቴ ቆመችና፣

«ማዶ ባለው መንደር አራት ሰው ተይዟል» አለችኝ። «የእኔን ልጅ ዛሬውኑ ውጊልኝ። ኃጢአቱን እኔ እሸከማለሁ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «እንግዲህ እናቲቱ ካለች፣ የቤቱ ትልቅ ናቸውና የልጅቱ አያት ይጠየቁ» አሉና ወደ ውሃው ወረድን። እኔም ከኋላ። በልቤ እሺ በሉ፣ እሺ በሉ እላለሁ።

አያ ጓዴ ገና ሳይጨርሱላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ነው ለማንም ነግረው የማያውቁትን የተናገሩት።

«ያንን ልጅ የከተብሁት በዚሁ ቀን ነው» አሉ። «አሥራ ሰባት ነበር። ይርጋነሽ ቸኮለች፤ እኔም ቀኑን አውቄ ምንም አይል ብዬ ምላጭ አነሣሁ። በእኔ እጅ የሞተ ብዙ የለም። እሱን የገደለው ቀኑን መድፈሬ ነው። ሁለተኛ አላደርገውም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ዛሬም አይጠፋኝም። «ልጄ፣ ነገ ቢሆን የሚጎድል ነገር አለ?»

ይህን ጥያቄ ስንት ሺ ጊዜ እንደመለስሁት አምላኬ ያውቃል። አለ ማለት ብቻ ነበረብኝ። መድኃኒቱን ሳልጠይቅ በጥብጬዋለሁ፣ ሌላ የለኝም፣ ዛሬ ካልሆነ የለም ማለት። ቢሰሙ ምን እንደሚወስኑ አላውቅም፤ ግን ውሳኔው የእሳቸው ይሆን ነበር። እኔ ግን አፈርሁ። ካኪ ለብሼ፣ የመንግሥት ሰው ተብዬ፣ ሽማግሌው እያዩኝ፣ ቀን የማታውቅ ችኩል መባልን ፈራሁ።

«ምንም አይጎድልም» አልሁ።

በማግስቱ ማለዳ መንደሩን በሙሉ በዚያችው ባደረች ብልቃጥ ከተብሁ። በጨርቅ ጠቅልዬ፣ እንስራ ሥር ቀብሬ ነበር ያሳደርኋት። ምናልባት ይሠራል እያልሁ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ አዲስ ይዤ ተመልሼ እደግመዋለሁ እያልሁም ነበር። ባንቺዓለም ተራዋ ሲደርስ አላለቀሰችም። መርፌዋን ስታይ ሳቀች፤ ከእኔ ጋር እስከ አሥራ አምስት ቆጠረች፤ አሥራ ሁለትን ዘለለች። አያ ጓዴ ዓይኔ እንዳያርፍባት ብለው ከውሃው ማዶ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር።

ሲያልቅ ይርጋነሽ ወደ ቤት ገባችና በሰፌድ የማሽላ እንጀራ በአይብ ይዛ ወጣች። ለእኔ መስሎኝ ነበር።

«ለሰውዬው ስጪው» አለችኝ። ደግሞም፣ «በሚቀጥለው ሲመጣ ውሃውን ይሻገር በይው።»

አያ ጓዴ እንጀራውን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አልበሉትም። ከዚያ እያለቀሱ አንዲትም ሳያስቀሩ በሉት።

መኪናዋ ጋ ስንመለስ ሣህለ ማርያም «ትናንት የበጠበጥሽው የመጨረሻው አልነበር? በምን ከተብሽ?» አለኝ። «ሌላ ነበረኝ» አልሁት። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይቀላል።

አቀበቱን ስንወጣ የመኪናዋ ባሌስትራ፣ ጭነቱን ከሥር የሚሸከመው ብረት፣ ተሰበረ። መርጡለ ማርያም እንደምንም ተጎትተን ገባን። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተቀመጥን። መድኃኒቱ በአምስተኛው ቀን ከሞጣ በሰው እጅ ደረሰኝ። በእግሬ ወይ በበቅሎ ልወርድ እችል ነበር። ጠዋት ጠዋት ልሂድ ብዬ እነሣለሁ፤ ግን ለምን ትሄጃለሽ ይሉኛል፣ ከትበሽ የለ ወይ ይሉኛል። ምክንያት እየፈለግሁ ቀኑ ይመሻል። አያ ጓዴ በእነዚያ ቀኖች እንደ ወጣት ሆነው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተቀምጠው ላገኙት ሁሉ «ልጄ እንጀራ ሰጠችኝ» ይላሉ። ለባንቺዓለም ከገበያ የአንገት ማተብ ገዝተው ደረት ኪሳቸው አስገብተው ይዞራሉ። «ያ አምላክ ቀኑን ስላከበርሁለት ይቅር አለኝ» አሉኝ አንድ ቀን። ተነሥቼ ወጣሁ፤ ሆዴን አመመኝ ብዬ።

መኪናዋ እንደተሠራች ከበረሃው አንድ ሰው ወጣ። ፈንጣጣው ገብቷል አለ። ዘጠኝ ልጆች ተይዘዋል፤ ሁሉም የተከተቡ ናቸው አለ፤ እኔን እያየ ነው ያለው። የዚያኑ ቀን ወረድን። ስንደርስ ባንቺዓለም ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

አያ ጓዴ ውሃውን ሳይሻገሩ ቆሙ። ይርጋነሽ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ማቅ ለብሳ ከደጇ ተቀምጣለች። እኔ ስቀርብ ቀና አለች። እኔን አልወቀሰችኝም። ቢሰድቧት የማትችል እኔ፣ ምነው በሰደበችኝ አልሁ። ከትከሻዬ በላይ አሻግራ ወደ ማዶ አየችና፣

«ከውሃው ማዶም ሆኖ ደረሰባት» አለች። ተነሥታ ገብታ በሯን ዘጋች።

የቀሩትን ልጆች በአዲሱ መድኃኒት ከተብሁ። ሳምንት ቆይቼ ሁሉም ክንድ ላይ ክትባቱ መያዙን የሚያሳየው ብጉር መውጣቱን አየሁ። ከዚያ በኋላ እዚያ መንደር አንድ ሰው አልተያዘም። ይህም ሊያጽናናኝ አልቻለም።

ስንመለስ አያ ጓዴ መኪናዋ ውስጥ አልገባም ብለው አቀበቱን በሙሉ በእግራቸው ወጡት። እኔም ወርጄ አብሬያቸው ሄድሁ። መሀል መንገድ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ መድኃኒቱ ደህና ነበር?»

ሳይጠረጥሩኝ ነው የጠየቁኝ። ከእኔ የሚጠብቁት እውነቱን ነበር፤ ምንም ቢሆን ይቅር ይሉኝ ነበር፤ አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ሥራዬ ታየኝ፣ ክስ ታየኝ፣ የሰው አፍ ታየኝ።

«ደህና ነበር፣ አያ ጓዴ።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ» አሉ። ምርኩዛቸውን አነሡና መንገዱን ቀጠሉ።

ከዚያም በኋላ ሥራውን አልተዉም። በዚያ ዓመትና በሚቀጥለው ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለውን አገር አብረን አዳረስነው። በየመንደሩ ገብተው ይመክራሉ፣ ይለምናሉ፤ ልጆቹ መውጣት ሲጀምሩ ግን ከአጥር ውጭ ሄደው ፊታቸውን ያዞራሉ። በእሳቸው ቃል የተከተበው ልጅ ስንት ሺ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱንም በዓይናቸው አላዩትም። ሥራው ሲያልቅ ሞጣ መጥተው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አንዲት ጎጆ ያዙ። እኔም አግብቼ እዚያው ነበርሁ። በየሳምንቱ ቅዳሜ እንጀራና ወጥ እወስድላቸዋለሁ፤ ልብሳቸውን አጥባለሁ። መርቀውኝ አይጠግቡም።

በስድሳ ስድስት ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለድሁ። ክርስትና በተነሣች በሳምንቷ አቅፌ ወሰድኋትና «ይባርኳት» አልኋቸው። አያ ጓዴ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ውሰጃት ልጄ» አሉ። «ሳላያት ውሰጃት። አንቺ እንኳ ትትረፍልሽ።»

እዚያው ቆሜ አፌን ከፈትሁ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ እያባበልኋት ወጣሁ።

በዚያው ክረምት ሞቱ። ይርጋነሽ አልመጣችም። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ እኔን ከበበኝ፤ የአብራክ ልጅ እንኳ እንዲህ አትጦርም አሉ፤ ቄሱም በስሜ ጠርተው አመሰገኑኝ። እውነት ነው፣ ጦሬያቸዋለሁ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አንዲት ቃል ብቻ ይፈልጉ ነበር፤ እኔ በየቅዳሜው እንጀራ ወሰድሁላቸው።